ስለ እትዬ በቃ የተነበበውን ስለ ማረም

ከወጣቶች አገልግሎት አስተባባሪ ኮሚቴ ለአባላት፣ ለወላጆች፣ ለመዘምራንና ለምእመናን በሙሉ የተሰጠ የሐዘን መግለጫ

ለአሥራ አንድ ዓመት የወጣቶች አገልግሎታችንን የመሩት፣ በሙያቸው መጋረጃ ሰፊ የነበሩት፣ የአውቶብስ ሹፌር ባለቤትና የሦስት ልጆች እናት፣ ወጣቶቻችን «እትዬ በቃ» እያሉ የሚጠሯቸው እህታችን፣ ባደረባቸው አጭር ሕመም በሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። የቀብር ሥነ ሥርዓታቸውም ከሦስት ሳምንት በፊት ቤተሰቦቻቸው፣ የሥራ ባልደረቦቻቸውና በርካታ ምእመናን በተገኙበት ተፈጽሟል። የኮሚቴው ሐዘን ከባድ ነው። ከሐዘኑ ጋር የተሰማውን ንዴት ግን መደበቅ አልቻለም፤ ይህ ሁለተኛ መግለጫ የወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በቀብሩ ዕለት በቤተ ክርስቲያኗ ጽሕፈት ቤት የተዘጋጀው የመጀመሪያ መግለጫ በድምፅ ማጉያ መነበቡ ይታወሳል። መግለጫው እህታችን «ቤታቸውንና ልጆቻቸውን ትተው፣ ቀን ከሌሊት ሳይሉ፣ እንደ ሻማ ቀልጠው» ማገልገላቸውን ይገልጻል። ያው መግለጫ በሦስተኛው አንቀጽ ላይ «ወንድማችን» ይላቸዋል። ምክንያቱን ስንጠይቅ፣ ቀደም ሲል ላረፉ አንድ አገልጋይ ከተጻፈው ላይ የተገለበጠ መሆኑ ተነገረን። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ይህ ግን አፍ ያመለጠው አይደለም፤ ተጽፎ፣ ታይቶ፣ ማኅተም ተመቶበት የወጣ ነው።

«ወንድማችን» ሲባል ሁሉም ሰው ሐዘን ላይ ስለነበር ዝም አለ። «ልጆቻቸውን ትተው» ሲባል ግን አንዲት ሰሚ ዝም አላለችም። የአንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ታናሺቱ ልጃቸው ከመቃብሩ ሲመለሱ የአባቷን እጅ ይዛ «አባ፣ እማዬ ትታን ነበር እንዴ?» ብላ ጠይቃለች። አባቷ አለመሆኑን ነግረዋታል። በማግሥቱም ጠየቀች። ከዚያ ወዲህ ሳትጠይቅ የተኛችበት ቀን የለም።

ባለቤታቸው የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ ወደ ኮሚቴው ቢሮ መጥተው ያሉንን ሳንቀንስ እናሰፍራለን። «እኔ ስነግራት አታምነኝም፤ አባቴ ሊያባብለኝ ነው ትላለች። እሷ የምታምነው በማይክ የተነገረውን ነው። በማይክ ያላችሁትን በማይክ መልሱልኝ።» ሌላ ምንም አልጠየቁም። የቀረበላቸውን ውሃ እንኳ ሳይጠጡ ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል።

ኮሚቴው ጉዳዩን ለጽሕፈት ቤቱ አቅርቧል። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊም «ለሞተ ሰው የተነገረ ምስጋና እንዴት ይሻራል? ደግሞስ ቤቷን ትታ አገለገለች ማለት ምን ነውር አለው? ክብር እኮ ነው!» የሚል ምላሽ ሰጥተዋል። በሚቀጥለው ስብሰባ ይኸንኑ ደገሙት። በሦስተኛውም ደገሙት። ነገሩ እጅ እግር የለውም። ምስጋናው ለሞተ ሰው ነው ይባል፤ ልጆቻቸው ግን በሕይወት አሉ፤ ይሰማሉ፣ ትልልቆቹም ያነባሉ። ቆሽታችን አርሮ ጉዳዩን ለሽማግሌዎች ጉባኤ አደረስን፤ ጉባኤውም ይህ መግለጫ እንዲወጣ ፈቅዷል። የመጀመሪያው መግለጫ ከማስታወቂያ ሰሌዳውና ከቴሌግራም ገጻችን እንዲነሳ ተደርጓል።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የእህታችን አገልግሎት በእውነት ምን ይመስል እንደነበር ከዚህ በታች ይቀርባል። ጊዜውን ያስታወሱን ባለቤታቸው ናቸው። እሳቸው ዓመት የሚቆጥሩት በልጆቻቸው ስለሆነ እኛም እንደዚያው አስፍረነዋል።

የበኩር ልጃቸው ትምህርት ቤት በገባበት ዓመት የወጣቶች አገልግሎት መሪ ሆነው ተሾሙ። በዚያ ዘመን የቅዳሜው ፕሮግራም መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አልነበረውም፤ የሚያልቀው የጥበቃ ሠራተኛው ቁልፍ ማንቃጨል ሲጀምሩ ነበር። እህታችን በመጀመሪያው ቅዳሜ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ከሱቅ ይዘውት የመጡት የልብስ ሜትር አንገታቸው ላይ እንዳለ ተነሥተው «በቃ! ጌታ ነገም አለ። ወደየቤታችሁ!» አሉና ኪቦርዱን በእጃቸው አጠፉት። ቅጽል ስማቸው የወጣው ያን ዕለት ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «የጌታ ሥራ ሰዓት የለውም» ቢሏቸው፣ «ልጆቼ ግን የመኝታ ሰዓት አላቸው» ብለው ቦርሳቸውን አንሥተው ወጥተዋል።

ሁለተኛው ልጃቸው አፉን በፈታበት ዓመት የመዘምራን መሪው ሚስቱ በወለደች በሦስተኛው ቀን ልምምድ ላይ ተገኘ። አንዳንዶቻችን ለትጋቱ አጨበጨብንለት። እሳቸው ግን «ሚስትህ አራስ ቤት ተኝታ አንተ እዚህ ድምፅ ታስተካክላለህ? ተነሥ! ውጣ! ወር ሳይሞላህ እዚህ በር ላይ እንዳላይህ!» ብለው አባረውታል። በዚያ ወር መዘምራኑ ድምፃቸው ሳይገጥም መዘመራቸውን የሰማ ሁሉ ያስታውሳል።

በዚሁ ዓመት አንድ ሰው ከአንድ ኮሚቴ በላይ እንዳያገለግል ወሰኑ። ወጣቶች ፕሮግራም ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ ለወላጆቻቸው ተናግረው እንዲመጡም አዘዙ። እናቶች ደስ አላቸው። ከወጣቶቹ ግን የተወሰኑት እስከ እኩለ ሌሊት ወደሚዘመርበት ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። የተሰብሳቢው ቁጥር ቀነሰ። በኋላ ጨመረ ብለን ብንጽፍ ደስ ባለን፤ አልጨመረም።

ታናሺቱ ልጃቸው በተወለደችበት ዓመት ኃላፊነታቸውን ለጊዜው ለምክትላቸው አስረክበው ቤታቸው ገቡ። እኛ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለን መደወላችንን ቀጠልን። ስልኩን የሚያነሡት ባለቤታቸው ነበሩ፤ ሁልጊዜም «ተኝታለች» ይሉናል። ከበስተኋላ ተኝታለች የተባለችው ሴትዮ ስትስቅ ይሰማ ነበር።

ታናሺቱ እግር ባወጣችበት ዓመት፣ እህታችን ወደ ኃላፊነታቸው ከተመለሱ በኋላ፣ ትልቁ ኮንፈረንስ ተካሄደ። ተጋባዡ ሰባኪ ከሩቅ መጥተዋል፤ አዳራሹ ሞልቷል። በመካከሉ ልጅቷን ትኩሳት እንደያዛት ተደወለላቸው፤ እህታችንም መድረኩን ትተው ሄዱ። ልክ ነበሩ። ሆኖም ማይክራፎኑን በቦርሳቸው ይዘውት ሄደዋል፤ ሰባኪውም ያለ ማይክ ጉሮሯቸው እስኪነቃ ሰብከዋል። ኮሚቴው በዚህ ጉዳይ ዛሬም ቅር ይለዋል።

የበኩር ልጃቸው አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው የወጣቶች ፕሮግራም አልመጣም አለ። «ቤት እናቴ፣ እዚህም እናቴ፤ የት ልድረስ?» ማለቱን የሰማነው ከራሳቸው ነው፤ እየሳቁ ነበር የነገሩን። ቅዳሜ ኳስ እንዲጫወት ፈቀዱለት። የራሷን ልጅ ያላመጣች የሰው ልጅ እንዴት ትመራለች የሚል ክስ ተነሥቶ ሁለት ስብሰባ ፈጀ። እሳቸውም «እሱ እንዲመጣ ከፈለጋችሁ እኔን አውርዱኝ። እናቱን ከመሪነት አውርዳችሁ ቤቱ ብትመልሷት እሱም ይመጣ ይሆናል» አሉ። የሚያወርዳቸው ሰው አልተገኘም፤ በቋሚነት የሚተካቸው ስላልነበረ ነው።

እህታችን እንከን የለሽ ነበሩ አንልም። መልሳቸው አጭር ነበር፤ ሲደክማቸው ይቆጡ ነበር፤ ማታ ስልካቸውን ዘግተው ስንቱን ጉዳይ ለማግሥቱ አሳድረውብናል። ነገሩ ይቀላቸው ነበርም አንልም። ባለቤታቸው እንደነገሩን «ቅዳሜ ማታ እጇ ሽንኩርት ይከትፋል፣ ልቧ እናንተ ጋ ነው። ያ ልጅ ምን ሆኖ ነው ያለቀሰው፣ ያቺ ልጅ ለምን ቀረች ትላለች። ግን መጥታለች። ቁም ነገሩ መምጣቷ ነው።» ይህን ሳንሰማ ስለ ቤታቸው መግለጫ መጻፋችን አሳፋሪ ነው።

ሆስፒታል በተኙበት ጊዜ የኮሚቴው አባላት የዘንድሮውን ኮንፈረንስ አጀንዳ ይዘን ልንጠይቃቸው ሄደን ነበር። አዎ፣ አጀንዳ ይዘን። ድምፃቸው ደክሞ ነበር፤ ቢሆንም «የመጠየቂያው ሰዓት የልጆቼ ነው። እናንተ ኮሪደር ላይ ጸልዩልኝ» አሉን። ነርሷም በሩን ዘጋችብን። ልጆቻቸው ገቡ፤ እኛ ኮሪደር ላይ ቆመን ጸለይን። ያ የመጨረሻ ትእዛዛቸው ሆኖ ቀርቷል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በስማቸው የመታሰቢያ አዳር ጸሎት ይዘጋጅ የሚል ሐሳብ ለኮሚቴው ቀርቧል። ሐሳቡ በቅን ልቦና የቀረበ መሆኑን እናምናለን፤ ማመን ግዴታችን ስለሆነ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰውን ወደ ቤቱ ሲያባርሩ ለኖሩ ሴት ሰውን ከቤቱ አውጥቶ ማሳደር ግን አይሆንም። ሐሳቡ ውድቅ ተደርጓል።

ወደ ሐዘን ቤቱ የምትሄዱ አባላትም ልብ በሉ። ለልጆቹ «እናታችሁ ለጌታ ስትል እናንተን ሰጠች» እያላችሁ የምታጽናኑ እንዳላችሁ ደርሶናል። እባካችሁ አቁሙ። የምትሉት ከጠፋችሁ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፤ ከመሸ ደግሞ ተነሡ።

ኮሚቴው ለባለቤታቸው፣ ለሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው፣ ለወንድሞቻቸውና ለእህቶቻቸው፣ የመቁረጫ ጠረጴዛቸውን እስካሁን ያልነኩት ለመጋረጃ ቤቱ ባልደረቦቻቸው እግዚአብሔር ብርታቱን እንዲሰጣቸው ይለምናል። በእናንተ ቤት የጎደለውን እኛ አንሞላውም፤ እንሞላለን ብለንም ደጅ አንጠናችሁም።

ይህ መግለጫ በመጪው ቅዳሜ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ በማይክራፎን ይነበባል። ስለዚህ የመጨረሻውን ቃል ለአባላት ሳይሆን፣ ከአባቷ አጠገብ ለምትቀመጠው ለታናሺቱ ልጅ እናደርገዋለን።

እናትሽ አልተወችሽም። በማይክ የተነገረው ስሕተት ነው። እናትሽ ትታ የምትሄደው እኛን ነበር። ትንሽ ቆዪልን ብለን እየለመንናት፣ እየተቆጣናት፣ በሩ ላይ እየቆምንባት፣ በየቅዳሜው እኛን ትታ ወደ አንቺ ትመጣ ነበር።

የወጣቶች አገልግሎት አስተባባሪ ኮሚቴ