በሳንቃው መንገድ ላይ አንድም ጊዜ ያልተቀመጠ ሰው

ሰኞ፣ ጥቅምት 14 ቀን

ልጄ፣ ሆዴ፤

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር። አንተ ግን «ደህና ነን የሚለውን ተዉትና እውነቱን ንገሩኝ፤ የአባዬ ልብ ፈተናዬን እስክጨርስ ሦስት ወር ይታገሠኛል? ወይስ አሁኑኑ ልምጣ?» ብለህ ጽፈሃል። ሠላሳ ዓመት ቃለ ጉባኤ ስይዝ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ያየሁትን ብቻ እጽፍልሃለሁ።

ደብዳቤህን ሳነብለት አባትህ ሳቀ። «ነገ ረግረጉ ድረስ እንሄዳለን። አንድም ጊዜ ሳያርፍ ከዳር እስከ ዳር ሄደ ብለሽ ትጽፊለታለሽ» አለኝ። በጥብቅ ስፍራው ውስጥ ከውሃው በላይ የተዘረጋውን የሳንቃ መንገድ ማለቱ ነው፤ ጡረታ ሳይወጣ ከአናጢ ጓደኞቹ ጋር የሠራውን። ዳገት የለው፣ ደረጃ የለው። ሕፃናት በሃያ ደቂቃ ይጨርሱታል።

ሄድን። ውሃው ጥቁር ነው፤ ቄጠማው ከአባትህ ቁመት በልጧል። ጥቂት እንደተራመድን ቁጢጥ አለና ሳንቃውን እየዳበሰ «ቆይ፣ ይቺን ሚስማር ልያት» አለ። ተነሣ። ትንሽ ሄደን ደግሞ ሌላ ሚስማር።

«ኧረ በናትህ፣ ጡረታ ወጥተሃል እኮ!» አልኩት።

«ሰው ቢወድቅበት የሚሰደበው ማን ሆነና? እኔው!» አለኝ።

ሳቅሁ። አምስተኛው ላይ መሳቁን ተውኩት። አሥራ አንድ ጊዜ ቁጢጥ አለ። በሰባት አግዳሚ ወንበሮች አጠገብ አልፈናል፤ አንዱም ላይ አልተቀመጠም።

መውጫው ላይ ዘበኛው ብድግ ብሎ ጨበጠው። «ጋሼ፣ እንዴት አዩት? አምና እኮ ሙሉውን በብሎን ቀየርነው፤ አንድ ሚስማር አልቀረበትም» አለው።

አባትህ «አይቼዋለሁ፤ ጥሩ ሥራ ነው» አለ። ወደ እኔ አልዞረም። ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። ሰዓቴን አየሁ፤ አርባ አምስት ደቂቃ ፈጅቶብናል።

እቤት ስንገባም «ሳያርፍ ሄደ ብለሽ ጻፊ» አለኝ። ይኸው ጻፍኩ፤ ወንበር ላይ አላረፈም። የቀረውን ግን ላንተ መደበቅ አልችልም። ፈርቻለሁ ልጄ። ፈተናው ሌላ ጊዜ ይሰጣል። ቶሎ ና።

ነርሷ ጎረቤታችን ነገ ወደ እናንተ ስለምትበር ይህ በእጇ ይደርስሃል። መንገዱን ቀና ያድርግልህ፤ ደጃችንን በሰላም ያስረግጥህ።

እናትህ

ከማሸጌ በፊት ደብዳቤውን ለአባትህ ሰጠሁት፤ ከጀርባው መጻፍ አልወድም። መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበው። ይቀደዋል ብዬ ነበር። መልሶ ሰጠኝና «‹ቶሎ ና› የሚለው ቀለሙ ፈዟል፤ ደገም አድርጊበት» አለኝ።