ከታወሩ ጀርባ ያለው ጤና ጣቢያ

ሰኞ

ፈረምኩ። የአዲሱ የስልክ ታወር ርክክብ ቅጽ ላይ «የኔትወርክ ሽፋን፦ አልፏል» ይላል። እውነቱን ለመናገር በግማሹ ነው ያለፈው። ከኢታንግ ወደ ኩሌ የስደተኞች ካምፕ በሚወስደው መንገድ በመኪና እየሄድን ስንደውል አንዴም አልተቋረጠም። ከታወሩ ጀርባ፣ መንደሩ ውስጥ፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆሜ አምስት ጊዜ ብሞክር ግን አንዴ ብቻ ገባልኝ። አንቴናዎቹ በሙሉ ወደ መንገዱ ነው የዞሩት።

ለአለቃዬ ነገርኩት። «ውሉ የሚለው መንገዱን ነው» አለ። «ታወሩ በጊዜው ቆመ፣ በጊዜው እናስረክባለን። የተሳካ ፕሮጀክት ማለት ይኼው ነው። አንተ ደግሞ ነገር አታብዛ።»

አላበዛሁም።

ማክሰኞ

ምረቃ። ድንኳን፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ የታሸገ ውሃ፣ ሪባን። ሙቀቱ አይጣል።

ከክልሉ የመጡ ኃላፊ ታወሩ ሥር ሆነው ጋምቤላ ደወሉ። «ሃሎ» ሲሉ ሕዝቡ አጨበጨበ። ለሳቸው በቃ፣ ተሳካ። የካምፑ እርዳታ ድርጅት ተወካይም ደስ ብሏታል፤ ከእንግዲህ መኪኖቿ የት እንደደረሱ ታውቃለች።

የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ሲስተር ኛኮንግ ግን ጥግ ይዛ ጠበቀችኝ። «ኢንጂነር፣ እኔ ጋ አይሠራም። አምቡላንስ ካልጠራሁበት ለኔ ምንድነው?»

«ይስተካከላል» አልኳት። ማን እንደሚያስተካክለው አላውቅም።

ረቡዕ

ጋምቤላ፣ ቢሮ። ሪፖርቱ ሄደ፣ ሁሉም አረንጓዴ፣ ሁሉም «አልፏል»። ከዋናው መሥሪያ ቤት «እንኳን ደስ አላችሁ» መጣ።

ሐሙስ

ሲስተር ኛኮንግ ደወለች። ቁጥሯን ሳይ፣ ሠራላት ብዬ ደስ አለኝ። የደወለችው ከመንገዱ ነው።

ጠዋት አንዲት እናት ምጥ ላይ ሳለች ደም በዛባት። ሲስተር ደጋግማ ደወለች፣ አልገባም። ሴትየዋን ለጽዳት ሠራተኛዋ ትታ እስከ መንገዱ ሮጠች። ደውላ ተመለሰች። አምቡላንሱ ሲደርስ ሕፃኑ ሞቷል። እናቱን ሆስፒታል አስገቧት።

አልጮኸችብኝም። «ስሟ ኛማል ነው» አለች። «እንድታውቅ ብዬ ነው።»

ዓርብ

ደብዳቤ ጻፍኩ፦ ሰኞ የፈረምኩት ትክክል አልነበረም፣ ጤና ጣቢያው ጋ ኔትወርክ የለም፣ አንዱ አንቴና ወደ መንደሩ ይዙር።

አለቃዬ አንብቦ ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ። «ሕፃኑን ኔትወርክ ነው የገደለው? ሐኪም ነህ?»

አይደለሁም። ስልኩ ቢገባም ይሞት ይሆናል። ግን አልገባም።

ለዋናው መሥሪያ ቤት ላክሁት። ከሰዓት በኋላ ከሚቀጥለው ሥራ መነሳቴን ነገሩኝ።

ቅዳሜ

መልስ መጣ፦ «ጥያቄው በሚቀጥለው የፕሮጀክቱ ምዕራፍ ይታያል።» ቀን የለውም።

ባጃጅ ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ኛማል ተኝታለች፣ እናቷ አጠገቧ ተቀምጠዋል።

«ዘመድ ነህ?» አሉኝ።

«አይደለሁም እማማ። የታወሩ ሠራተኛ ነኝ። የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

ለልጃቸው በኑዌር ቋንቋ ነገሯት። ኛማል ቀስ ብላ አንድ ነገር አለች።

«እዚያው መንደር ያለችው እህቷ መውለጃዋ ደርሷል፣ በዚህ ወር ነው» አሉ እናቷ። «ለሷ ስልኩ ይሠራል ወይ ትላለች።»

«ደብዳቤ ጽፌያለሁ» አልኩ።

ተረጎሙላት። ኛማል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።