ቤተ ክርስቲያናችንን ከእኛ ስለጠበቁልን

ለተከበሩ የቅርስ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ክረምት ከበጋ ጠብ ለማይልበት የቢሮዎ ጣሪያ ጤንነትን እመኛለሁ። እኔ በኮረብታው ላይ ባለችው አሮጌ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን የተጠመቅሁ፣ ትዳር የያዝሁና ሚስቴን የቀበርሁ የመንደሩ ልብስ ሰፊ ነኝ። ምስጋናዬ ስለበዛ በቁጥር ላቅርበው።

1ኛ. ቤተ ክርስቲያናችንን ቅርስ ብለው ስለመዘገቡልን እጅግ ኮርተናል። አባቶቻችን ለጸሎት የሠሯት መስሎን ስንገባ ስንወጣባት መኖራችን ምን ያህል ድፍረት እንደነበር የገባን፣ ሠራተኞችዎ በሩ ላይ ትልቅ ጓጉንቸር አንጠልጥለው መክፈቻውን ይዘው ወደ ከተማ ሲመለሱ ነው። ቄሳችን ከዚያ ወዲህ ደጅ ቆመው ይጸልያሉ፤ ንጹሕ አየር ለሳንባቸው ተስማምቷቸዋል።

2ኛ. ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር የመንደሩ ሰው መሰላል ተሸክሞ ቢወጣ፣ ቅርስ ያለ ጥናት አይነካም ብለው በጊዜ ስላስወረዱን እናመሰግናለን። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ተረት ለእንደኛ ዓይነቱ ችኩል እንጂ ለመሥሪያ ቤት አለመነገሩን ተረድተናል። ዝናቡ ግን ጥናቱን ሳይጠብቅ ሥራውን ቀጥሏል።

3ኛ. ይህኛውን እንኳ በቀልድ ልጽፈው አልቻልሁም። አንዲት ልጅ አለችኝ፤ እናቷ ሙሽራ ሆና በቆመችበት ቦታ ካልቆመች እንደማታገባ ምላለች። ቀሚሷን እኔው ሰፍቼ ጨርሻለሁ። በሩ ለአንድ እሑድ ብቻ እንዲከፈትልን ደጅ ብንጠና፣ ጸሐፊዎ መጀመሪያ እርስዎ ስብሰባ ላይ እንደሆኑ፣ ቀጥሎም ከስብሰባው እያረፉ እንደሆነ በትሕትና ነገሩን። የሙሽራው እናት የእኛ ሰበብ መስሏቸው ፊታቸውን ማጥቆር ጀምረዋል። ልጄ ማታ ማታ ቀሚሱን እያወጣች ታያለች፣ ጌታዬ።

መቼም ቅርስን ከዝናብ ከመጠበቅ ከባለቤቱ መጠበቅ ስለሚቀል፣ የመረጡትን መንገድ አልነቅፍም።

ወንበርዎ እንዲሰነብት፣ እርስዎም አንዳንዴ ከእሱ እንዲነሱ የምጸልይ፣
ደጅዎን በመጥናት ጫማዬን የጨረስሁ፣
የሙሽራዋ አባት

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ሳልልከው የቤተ ክርስቲያኗን የኋላ ግድግዳ ዝናቡ ውስጥ ውስጡን በልቶት ኖሮ ተናደ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልተጎዳም። ቅዳሜ ፍርስራሹን ጠረግን፣ እሑድ በክፍተቱ ገብተን ልጄን ዳርናት። የቀሚሷን ጫፍ ጭቃ ነካው እንጂ እናቷ በቆመችበት ቆማለች፤ እኔም እንደ ሕፃን አለቀስሁ። ጓጉንቸርዎን ማንም አልነካውም፤ በሩ እንደ ትእዛዝዎ አሁንም ጥርቅም ብሎ እንደተቆለፈ ነው። መክፈቻው እንዳይጠፋብዎ አደራ።