በጾም የተለካ ጎማ

መጋቢት 4፣ ሰኞ፣ ማታ

ዛሬም ሆዷን ተመታች። ሰርባቶዮው ተሰነጠቀ፣ ቤንዚን ጠብ ጠብ ይላል። በልብስ ሳሙና ደፈንኩት። ተሳፋሪዎቹ ወርደው ዙሪያዬን ቆመዋል። አንዱ፣ ሰውነትህንም ታጠብበት ይለኛል። ሰቆጣ ስገባ እጄ፣ ልብሴ፣ እራቴ ሁሉ ቤንዚን ቤንዚን ይላል።

አንቺ ደብተር፣ ይህን መንገድ ስረግምልሽ ስንተኛዬ ነው? የጭነት መኪና ጎማ ግራና ቀኙን ቆፍሮ ቆፍሮ መሐሉን የበሬ ሻኛ አስመስሎታል። ድንጋይ ያለበት ሻኛ። የጭነት መኪና ሳያየው ያልፋል። የኔዋ የቤት መኪና ናት፤ ለደሴ ከተማ የተሠራች። ከዚህ እስከ ኮረም ሆዷን እየፈተገች ትሄዳለች። ሰቆጣ ማን አምጣት አለኝ? ማንም። ጥሩነሽን አግብቼ አገሯ ቀረሁ፣ መኪናዋም አብራኝ ቀረች።

ጥሩ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ለዚህ ነው እንቅልፍ ያጣሁት። አምና ግንቦት ምጥ ይዟት ወደ ወልድያ ሆስፒታል ስንወርድ የዘይት መያዣው፣ ኮፓው፣ በዚሁ ጉብታ ተቀደደ፤ ዘይቱ ፈሰሰ፤ ሞተሩ ቆመ። በቃሬዛ ወደ ቤት መለስናት። ወንድ ነበር። አላለቀሰም። የወልድያው ሐኪም ኋላ ሲያያት፣ ዳሌዋ ጠባብ ነው፣ የሚቀጥለውን ቤት እንዳትወልድ አለኝ።

እንግዲህ ይኸው። መኪናዋ ከፍ ማለት አለባት። ሌላ የማውቀው መድኃኒት የለም።

መጋቢት 9፣ ቅዳሜ

ጌታቸው ከደሴ መጣ። የጥሩ ወንድም። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ስለ መኪና ግን ከኔ በላይ ያውቃል፣ እንደ ራሱ አባባል። ሰፋፊ ጎማ አስገባላት፣ ዐሥራ አምስት ኢንች ቸርኬ፣ ከዚያ ሞላውን አስቆርጠህ ዝቅ አድርጋት ይለኛል። የደሴ ጎረምሳ ሁሉ እንደዚያ ነውና። በዋግ መንገድ ዝቅ ብሎ የሚሄድ እባብ ብቻ ነው አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ሞላው አይነካም። እንደተሠራች ትቁም። የቸርኬው ነገር ግን ከራሴ አልወጣም። የራሷ ዐሥራ ሦስት ነው። ዐሥራ አራት ይሻላል? ዐሥራ አምስት? ሒሳቡ ያበግናል፦ ሁለት ኢንች ብትጨምር መኪናዋ የምትነሣው አንድ ብቻ ነው። ሌላው ከላይ ለፓራፋንጎው፣ ለጭቃ መከላከያው ይቀራል፣ ለኔ ምን ሊረባኝ።

አማቴ እማማ ዘውዴ ሰሙን። የሚያዋልድ ጎማ አይተው አያውቁም፤ ማርያም ናት የምታዋልድ አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው በኽምጣኛ ቀጠሉ። ከሚሉት የሚገባኝ ስሜ ብቻ ነው። ጥሩ ቀድማ ወልድያ ሄዳ ትጠብቅ ካልኩ ወዲህ ደግሞ ስሜ በዝቷል። ሴት ልጅ ምጧን ሰው አገር ቁጭ ብላ አትጠብቅም፣ ከእናቷም አትለይም። በቃ። ቃላቸው ይኸው ነው። ጥሩ መሬት መሬት ታያለች። እሷም ታናድደኛለች፤ የኔ ብትሆን ምን አለ አንድ ቀን?

መጋቢት 14፣ ሐሙስ፣ ኮረም

ጎሚስታው ጋ ዋልኩ። ሁለት ዓይነት አለው፣ ሁለቱም ከተገለበጠ መኪና የተፈታ። ዐሥራ አራቱ ጠባብ ነው፣ ዝገት በልቶታል። ዐሥራ አምስቱ ሰፊ፣ ጎማው ገና ጥርስ ያለው። የቡሎን ቀዳዳው የሁለቱም ይገጥማል። የቱ ይሻላል ብዬ ብጠይቀው፣ መኪናዋ ያንተ፣ መንገዱም ያንተ አለኝ። መልካም ሰው።

ዐሥራ አምስቱን አስገጠምኩ። መሪውን ጥርቅም አድርጌ ወደ ግራ። ወደ ቀኝ። በጎማውና በፓራፋንጎው መሐል ሁለት ጣቴ ይገባል። ኋላም እንደዚያው። ከተማውን ዞርኩባት፣ ጉድጓድ እየፈለግኩ ገባሁባት። አትነካም። ተሳፋሪ እንደሆነ የለም፤ ሁዳዴ ነው፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ነው። ባዶዋን እየበረረች ሰቆጣ ገባን።

መጋቢት 20፣ ረቡዕ

አለፍኩት! ሳምንቱን ሙሉ ጉብታውን አንድ ቀን አልነካችውም። ዳገት ላይ ትዝላለች፣ እውነት ነው፤ በሁለተኛ ማርሽ የምትወጣውን አሁን በአንደኛ ናት። ትዝላ። ትልቅ ጫማ ያደረገ ልጅም ይደክመዋል።

ጥሩን እስከ ከተማው ዳር ወስጄ መለስኳት። ከፍ ብዬ ሳይ ሰቆጣ አነሰች አለችና ሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ዓመት ሊሞላ ነው። አማቴ በር ላይ ቆመው አዩን። ዛሬ ደስ ብሎኛል ደብተር፤ ጻፊልኝ፣ ኋላ እንዳልክድ።

ሚያዝያ 1፣ ፋሲካ

እንኳን አደረሰሽ። እኔን ግን አላደረሰኝም፤ ዶሮ የተበላው ሳልኖር ነው።

ትናንት ቀዳም ሥዑር። ኮረም ላይ ሰዉ መኪናዋን ሊበላት ደረሰ። ሁሉም አገሩ ገብቶ ሊፈስክ ነው፤ ሁሉም በግ ይዟል። እምቢ እንዴት ይባላል? ፋሲካን በሰው አገር ዋል ይባላል እንዴ? ከፊት ሦስት ሆንን። ከኋላ ተደራርበው። በግ ከላይ፣ በግ ከኋላ፣ አንድ ሙክት በሰው ጭን ላይ። ሆዷ ምድር ሊነካ ምንም አልቀረው። ዐሥራ አምስት ነው፣ ምን ይሆናል አልኩ።

ገና ኮረምን ሳንርቅ ጎማ ጎማ ሸተተ። ሰው ሲጫናት ፓራፋንጎው ወርዶ ጎማው ላይ ተኝቷል። በያንዳንዱ ጉድጓድ እንደ ቢላ ይገዘግዘዋል። ጠመዝማዛው ላይ አንዱ ፈነዳ። ተጠባባቂውን አስገባሁ። ሌላው ተከተለ። አለቀ። ሰዉ በጉን እየጎተተ በእግሩ ቀጠለ። ያልረገመኝ የለም፣ በበዓል ዋዜማ። አንድ የጋዝጊብላ ሽማግሌ ብቻ ጎንበስ ብለው ጎማውን አዩና፣ «የኔ ልጅ፣ ጎማህ ጾመኛ ነው፤ በግ ሲያይ ደነገጠ» አሉኝ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅ መጣብኝ።

እውነታቸውን ነው። በጾም ለካሁ። ባዶ መኪና፣ ባዶ መንገድ። ፍስክ መኖሩን ረስቼ። ደንቆሮ! ጥሩን ይዤ ቢሆን ኖሮስ?

ሚያዝያ 5፣ ሐሙስ

ጌታቸው ፓራፋንጎውን በመዶሻ ቀጥቅጠህ አስፋው፣ ወይም ቁረጠው ይላል። ይህ ሰው የሚያየውን ሁሉ ይቆርጣል። ፀጉር ይቁረጥ።

ኮረም ወርጄ ዐሥራ አራቱን አስገባሁ። ጠባቡን፣ ዝገታሙን። ያኔም እሱን ብወስድ ምን ነበረበት? መልኩ አስጠላኝ። እንደ ጌታቸው ሆንኩ ማለት ነው። ይህን ለማንም አላወራም፣ ላንቺ ብቻ።

ሚያዝያ 8፣ እሑድ፣ ዳግማ ትንሣኤ

ዛሬ በፍስክ ለካሁ። የጉብታውን ቁመት በዱላ ቆርጬ ይዤ መጥቻለሁ። ከቅዳሴ መልስ መኪናዋን ደጃፍ አቆምኩ። ዱላውን ከሆዷ ሥር አቁሜ ሰው አንድ አንድ እያልኩ ማስገባት ጀመርኩ። ሰፈሩ ወጣ። ቲያትር ሆነ።

እኔና ጥሩ ብቻ፦ ዱላው እንደ ልቡ ያልፋል። እማማ ዘውዴን አስገባሁ። ጎማው ፓራፋንጎውን አልነካም፣ ተመስገን፤ ዱላው ግን ኮፓውን ጫር አደረገው። የንስሐ አባታችን አባ ወልዴ እየሳቁ ገቡ። ዱላው ኮፓው ሥር ተያዘ። የጥሩ አክስት ገቡ። ዱላው ጎበጠ። ሰዉ ያጨበጭባል። ሌላ ሰው ልጨምር ስዞር እማማ ዘውዴ ወርደው አጠገቤ ቆመዋል። ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ያን የጎበጠ ዱላ ያያሉ።

አምና ስንት ነበርን? አሉኝ።

በጣቴ ቆጠርኩ። እሳቸው፣ አክስቷ፣ አባ ወልዴ፣ ሁለት የጎረቤት ሴቶች፣ እኔ፣ ጥሩ። ምጥ የያዛት ሴት ብቻዋን አትሄድም ተብሎ። ማን ውረድ ይላል? እኔም ራሴ ግቡ ግቡ ስል ነበር። ዓመቱን ሙሉ መንገዱን ረገምኩ፣ ጉብታውን ረገምኩ፣ ፋብሪካውን ረገምኩ። ዐሥራ ሦስቱም ቢሆን ሁለት ሰው ብቻ ይዞ ያልፍ ነበር ይሆናል። ከቸርኬ በፊት የሚመረጠው ሰው ነበር። ለወዳጅ ዘመድ ቦታ ስንሰጥ ለልጁ ቦታ ጠፋ።

እማማ ዘውዴ ቤት ገቡ። ሰዉም ተበተነ። ባልለካ ኖሮ ይሻል ነበር ይሆን? አንዲት አሮጊት ሴት ላይ ይህን መጫን ምን ይባላል?

ሚያዝያ 9፣ ሰኞ፣ ጧት

እማማ ዘውዴ በእግራቸው ሄዱ። ከጥሩ በቀር ማንም ሳይነሣ። ዳቤ ቂጣና ቆሎ ቋጥረው፣ መቋሚያቸውን ይዘው። ኮረም ደርሼ እጠብቅሻለሁ፣ ምጡ ሳይመጣ ቀድመሽ ነይ፣ ከእናትሽ አልተለየሽም ብለዋት ወጡ። ሮጬ ደረስኩባቸው። ዛሬ እርስዎን ላድርስ፣ ነገ እሷን አመጣለሁ፣ መኪናዋ እንደሆነ ሥራዋ ነው ብዬ ለመንኩ። አልቆሙም። «አንተ፣ እኔ የተጫንኩባት ይበቃታል» አሉ። ደግሞ፣ ስለት ነው፣ አታስፈርሰኝ።

በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ፀሐይ። ሰቆጣ አሁን ምን እንደሚለኝ አውቀዋለሁ። አማቱን በእግራቸው አስኪዶ እሱ መኪና ይነዳል።

ሚያዝያ 11፣ ረቡዕ፣ ወልድያ

ቶሎ ልጻፍልሽ፣ ልወጣ ነው።

ትናንት ጎሕ ሲቀድ ምጥ ጀመራት። ቀኗ ሳይደርስ። አክስቷ መጡ፣ አባ ወልዴ መጡ፣ ሰፈሩ መጣ። የመኪናዋን በር ይዤ ቆምኩና አንድም ሰው አይገባም አልኩ። አባ ወልዴን እንኳ። ከውጭ ይባርኳት አልኳቸው። አክስቷ አረመኔ አሉኝ። ልሁን። ጥሩን ከኋላ አስተኝቼ ነዳሁ።

ጉብታው ከሥራችን ሲያልፍ ይሰማኛል፤ አይነካንም። አሸዋ እንኳ አልነካንም። ረፋድ ላይ ከፊታችን አንድ ነጠላ። እሳቸው ናቸው። ያነክሳሉ። ፍሬን ያዝኩ። ጥሩ በመስኮቱ እጇን ዘርግታ በቋንቋቸው እናቷን ትጠራለች። እማማ ዘውዴ እጇን አልያዙም። ጎንበስ ብለው የመኪናዋን ሆድ አዩ። ከዚያ መቋሚያቸውን ወደ ፊት ጠቆሙና፣ «ምን ቆመሃል? ሂድ!» ብለው ጮኹብኝ።

ሄድኩ። እናት መንገድ ላይ ጥዬ፣ ልጇ ከኋላዬ እየጮኸች፣ ሄድኩ። በመስታወቱ አቧራው ሲሸፍናቸው አየሁ። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም፣ ደግሜም አልሠራ።

ማታ ሐኪሞቹ በመሣሪያ አዋለዷት። ሴት ናት። አለቀሰች። ጥሩ ደክማለች፣ ግን ደህና ናት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ እናቴ የት ደረሰች? ነው።

የት ደረሱ? ገና መንገድ ላይ ናቸው። ምን እንደሆንን አያውቁም። ያምናውን እያሰቡ እየተራመዱ ነው።

ጧት ነው። መኪናዋ ደጅ ቆማለች፣ ባዶዋን። ቤንዚን ሞልቻለሁ። አሁን እወጣለሁ። ሴት ናት፣ አለቀሰች እላቸዋለሁ። ይግቡ እላቸዋለሁ። ስለቴ ነው፣ አልጫንም ካሉ መኪናዋን እዚያው ጉብታው ላይ አቁሜ፣ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ፣ አብሬያቸው በእግሬ እሄዳለሁ።