ገጹን አሳየኝ

ውድ እህቴ ደብሪቱ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽንስ ተሻለሽ ወይ? የባህሬኑ ሙቀት በረድ አለልሽ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እዚህ ካራ ብርዱ ገብቶ ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ ጆሮ ይቆርጣል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም። ስልክ እያለ ወንድሜን ምን ነካው እንደምትይ አውቃለሁ፤ ወረድ ስትይ ይገባሻል።

ልጅሽ መቅደላዊት አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ክፍል ውስጥ ትንፍሽ አትልም ነበር። አምና ትምህርት ቤት ጠርተውኝ፣ እንዲህ ከቀጠለች ከእኩዮቿ ወደ ኋላ ትቀራለች ብለውኝ ነበር። እዚያ ሆነሽ ከምትብሰለሰዪ ብዬ ደበቅሁሽ፤ ይቅር በይኝ።

ዘንድሮ አያንቱ የምትባል መምህርት መጣች። ልጆቹን አምስት አምስት አድርጋ በክብ ታስቀምጥና አንድ የልብ ወለድ መጽሐፍ ታስነብባቸዋለች። አንዱ ከባድ ቃል እየለቀመ ይፈታል፣ አንዱ ያነበቡትን ይስላል፣ አንዱ አሳጥሮ ይተርካል፤ በየሳምንቱም ይቀያየራሉ። እኔ ይኼን መቼ አውቄ! መቅዲ ማክሰኞ ስትመጣ ነገ ጠያቂ እኔ ነኝ አለችኝ። የታመመ ልጅ ልትጠይቅ መስሎኝ፣ ባዶ እጇን እንዳትሄድ ብዬ አንድ ኪሎ ብርቱካን ገዛሁ። በማግስቱ ፌስታሉን አንጠልጥዬ አብሬያት ወረድኩ። ይኼ ምንድን ነው ብላ እንኳ አልጠየቀችኝም፤ ጠያቂ ተብዬዋ! ክፍሉ በር ላይ ቆሜ መምህርቷን የታመመው የቱ ነው ስላት ልጆቹ በሳቅ አውካኩ። መቅዲ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አያንቱ ግን ጨዋ ናት፤ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ነገሩን አስረዳችኝና ከኋላ አስቀመጠችኝ።

የሚያነቡት እናቷ ሩቅ አገር ስለሄደችባት ልጅ ነው። ጠያቂ የሆነ ልጅ አዎ ወይም አይደለም ተብሎ የሚመለስ ነገር መጠየቅ አይፈቀድለትም፤ መላሹም ከመጽሐፉ ማሳየት አለበት። መቅዲ ወረቀቷን ዘረጋች። ኋላ ቀስ ብላ፣ እናቲቱ መንገድ ላይ ሆና ምን ታስብ ነበር አለች። ናኦል የሚባል ቀልጣፋ ልጅ ፈጥኖ ልጇን ነዋ ሲላት፣ ቀና ብላ አየችውና «ገጹን አሳየኝ» አለችው። ቢያገላብጥ፣ ቢፈልግ፣ ወፍ የለም። ከዚያ ሁሉም ክርክር ገጠሙ፤ የምታከራክራቸው እሷ ነበረች። ቁርጥ አንቺን! ኮራሁባት፤ እንባዬም መጣ፣ ለምን እዋሻለሁ። ብርቱካኑን ተካፍለው በሉት።

ባለቤቴ አስካለ እቅፍ አድርጋ ስማሻለች። ትንሹ ልጃችን በአምላክ የፊት ጥርሱ ወልቆ እየተኮላተፈ አክስቴን ሳሙልኝ ይላል። ጎረቤታችን ጋሼ ጎበናም ሰላምታቸው ይድረስሽ።

መቅዲ ግን የላከችው ሰላምታ ሳይሆን ጥያቄ ነው። በስልክ «በላሽ?» «አዎ»፣ «አጠናሽ?» «አዎ» እንጂ ሌላ እንደማትነጋገሩ ታውቂያለሽ፤ ደብዳቤ ካልሆነ ብላ ድርቅ ያለችውም ለዚሁ ነው። «እማዬ፣ ጠዋት ስትነሺ መጀመሪያ የምታስቢው ምንድን ነው?» ትልሻለች። እኔ አንቺን ነዋ ብዬ ልገላገል ስል፣ ቀና ብላ አየችኝና ገጹን አሳየኝ አለችኝ።

እባክሽ እህቴ፣ ገጹን ጻፊላት።

ወንድምሽ በላይነህ
ካራ፣ የካ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.