ቱቦውን «ሜቲ» ያሉት የሲስተር ዱሬቲ መርዳሳ የሕይወት ታሪክ (1955–2017 ዓ.ም.)

ሲስተር ዱሬቲ መርዳሳ ከአባታቸው ከአቶ መርዳሳ ጫምሳና ከእናታቸው ከወ/ሮ ቡዜ ምልኬሳ ጥቅምት 12 ቀን 1955 ዓ.ም. በአርሲ ሁሩታ ከተማ ተወለዱ። አንደኛ ደረጃን እዚያው ሁሩታ፣ ሁለተኛ ደረጃን አሰላ ተምረው በ1975 ዓ.ም. በነርስነት ተመረቁ። መጀመሪያ ሞጆ ሠርተው፣ ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ በ2015 ዓ.ም. ጡረታ እስከወጡ ድረስ አዳማ በሚገኝ ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና ክፍል አገልግለዋል።

በ1979 ዓ.ም. መልካሳ በመካኒክነት ይሠሩ ከነበሩት ከአቶ አብተው ተክለሃይማኖት ጋር በተክሊል ተጋብተው ፍሬዘርንና ሜቲን ወለዱ። ሜቲ የሚለውን ስም ያወጡት ወ/ሮ ቡዜ ናቸው። በኦሮምኛ ጌጥ የሚሠራበት ብር ማለት ነው። ይህ ስም ኋላ ትልቅ ሥራ ሠርቷል።

ሲስተር ዱሬቲን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግባቸው ካቴተር የሚባለው የሽንት ቱቦ የሚያመጣው ኢንፌክሽን ነበር። እግሩ ተሰብሮ የገባ ሰው እግሩ እየዳነ በቱቦው ሰበብ ትኩሳት ሲያንቀጠቅጠው ማየት እንደ ራሳቸው ሽንፈት ይቆጥሩት ነበር። በ2008 ዓ.ም. ላዩ በስሱ ብር የተቀባ ካቴተር በእርዳታ መጣ። ቅቡ ጀርም ቱቦው ላይ እንዳይለጠፍ እንደሚያግዝ በሥልጠና ተምረው ደስ ብሏቸው ተመለሱ። ይሁንና ብዙ ሕሙማን አንፈልግም አሉ። ምክንያቱን ለሁለት ሳምንት ማንም አላወቀም። የገለጡት አቶ ደሊል የተባሉ የሞጆ ከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፦ «እህቴ፣ እኔ ብር የለኝም። ብር የሌለበትን አድርጊልኝ።»

ቱቦው በነጻ ነበር። ሰው ግን «ብር» ሲባል የሰማው ገንዘቡን ነው። ሲስተር ዱሬቲ ሳቁ፤ ሳቃቸውን ግን አልጨረሱም፤ ያልተቀባውን መርጠው ትኩሳት የያዛቸው ሁለት ሰዎች ትዝ አሏቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ለአማርኛ ተናጋሪውም ለኦሮምኛ ተናጋሪውም «ሜቲ የተቀባ» ማለት ጀመሩ፤ እምቢታውም ቀረ። ክፍሉ በሙሉ ቱቦውን ሜቲ ሲለው ልጃቸው «እማዬ፣ ስሜን ሽንት ቱቦ ላይ ለጠፍሽው» ብላ አኩርፋ ነበር። ስሟ ስንቱን ከትኩሳት እንዳተረፈ እየነገሩ አባበሏት።

ቅቡን ያመኑት ግን በልኩ ነው። ቅብ አለው ብሎ እጁን ሳይታጠብ የሚነካ ወይም ቱቦውን ረስቶ የሚያቆይ ባለሙያ ከቁጣቸው አያመልጥም። ቱቦው የገባበትን ቀን ፕላስተር ላይ ጽፈው ሽንቱ በሚጠራቀምበት ከረጢት ላይ ይለጥፋሉ፤ ጠዋት ጠዋት ከአልጋ አልጋ እየዞሩ ዛሬስ ያስፈልገዋል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። አያስፈልግም ከተባለ ከፊታቸው ሳይወጣ አይሄዱም።

ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በስትሮክ ታመው በዚያው በሠሩበት ሆስፒታል ተኙ። ቱቦውን ያስገቡላቸው እሳቸው ያሠለጠኗቸው ሲስተር ሑስና ካሚል ሲሆኑ፣ ቀኑንም ፕላስተር ላይ ጽፈው ለጠፉ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሲስተር ዱሬቲ አንደበታቸው ተሳስሮ ሳለ ፕላስተሩን በጣታቸው እያመለከቱ፣ «ዛሬስ?» አሉ። ሲስተር ሑስና ቱቦውን አወጡላቸው። ትኩሳት ሳይነካቸው ቤታቸው ገቡ። ሕመሙ ዳግም ተነሥቶባቸው ግን የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸው አቶ አብተው፣ ልጆቻቸው ፍሬዘርና ሜቲ፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና ያሠለጠኗቸው ብዙ ነርሶች አሉ። በሰው ገላ ውስጥ ሳያስፈልግ አንዳች እንዳይቆይ ሲተጉ የኖሩት እናታችን፣ አንድም ቱቦ ሳይኖርባቸው በገዛ አልጋቸው ላይ ተለይተውናል። ጠዋት ጠዋት ሕሙማንን እየዞሩ እንደጠየቁ፣ እግዚአብሔርም ነፍሳቸውን በዕረፍት ስፍራ ይጎብኝልን። አሜን።