ጾሟን ያደረች ሸረሪት

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ኦጉቱ፣

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ ከወደቡ ሸክም ጋር እንዴት ይዞሃል? ያ የቆየ ሳልህ ለቀቀህ ወይ? ባለቤትህ ፌሊስታና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ አለን፤ ሐይቁም እንደ ልማዱ አንድ ቀን ይሰጣል፣ አንድ ቀን ይነሳል። በስልክ ልነግርህ አስቤ ድምፄ እንዳያስደነግጥህ ስለፈራሁ ጻፍኩልህ። አስቀድመህ ይህን እወቅ፤ ልጅህ አሎ ደህና ናት፣ ሆዷ ውስጥ ያለውም አለ።

ለመውለድ ወደ እኔ ከመጣች ወዲህ በትንሿ ክፍል ብቻዋን ትተኛለች። ዝናቡ ሲገባ በራስጌዋ ግድግዳ ላይ እነዚያ ዘላይ ሸረሪቶች በዙ። ታስታውሳቸዋለህ፤ ድር አያደሩም፣ እንደ ድመት አድብተው ይዘላሉ። ሆዳቸው ቀልቶ ነበር። አሎ አንዷን በነጠላ ጫማ ብትመታት ግድግዳው ላይ ደም ቀረ። "አክስቴ፣ ግድግዳሽ ይደማል" አለችኝ። ያንተን አሮጌ ካልሲ አድርጋ ስለምትተኛ፣ ጎረቤታችን የኦቡራ እናት "የኦጉቱ እግር ሽታ ከሞምባሳ ድረስ ሸረሪት ይጠራል እንዴ?" ብላ አሳቀችን።

የእኔ ሳቅ ግን ቶሎ ደረቀ። የማንዳዚ ብስኩት በተጠቀለለበት ቁራጭ ጋዜጣ ላይ ስለነሱ አንብቤ ነበር። ኤቫርካ የሚባል ወገን አላቸው፤ ዘመዶቻቸው እንደ እኛ ቤተሰብ በዓለም ተበትነዋል፣ በብርዱ አገር በሣር ላይ፣ በእስያ በቅጠል ላይ፣ ያገኙትን ነፍሳት እየበሉ ይኖራሉ ይላል። የእኛዋ የሐይቅ ዳሯ ግን ሰው አትነክስም፤ ደም የጠጣች ትንኝ መርጣ ትበላለች። ታዲያ በዚያ ክፍል ከአሎ በቀር ማን ያድራል? የማን ደም ነው?

የአልጋዋን አጎበር አውርጄ ወደ ብርሃን ያዝኩት። ግርጌው ተበጣጥሷል። ለካ ቀን ቀን ሣሩ ላይ ዘርግታ ኦሜና ዓሣ ታሰጣበት ነበር፤ ማታ አራግፋ ትሰቅለዋለች። "ዓሣው አፈር እንዳይነካው ብዬ ነው እኮ፤ እዚህ ሁሉም ቤት እንዲህ አይደል የሚያሰጣው?" አለችኝ። ልቆጣት አፌን ስከፍት ጥርሷ ሲንገጫገጭ ሰማሁ፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ።

በሞተር ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ባለ ሞተሩ "እማማ፣ ልፍጠን ወይስ ቀስ ልበል?" ሲለኝ፣ ቢፈጥን ለሆዷ፣ ቢዘገይ ለትኩሳቷ ፈራሁ። ነርሷ ጣቷን ወግታ ወባ መሆኑን ነገረችን። ከዚያ መስሚያውን ሆዷ ላይ አድርጋ አዳመጠች፤ ቦታ ቀይራ ደግማ አዳመጠች። በመጨረሻ "ልቡ ይመታል" አለች። "ብቻ ወባው ሁለተኛ እንዳይዛት።"

አሁን ትኩሳቷ በርዷል፤ ትናንት ኡጋሊ ገንፎ በዓሣ መረቅ ቀምሳለች። በእኔ አጎበር ሥር አብረን እንተኛለን። ልጁ ግን እንደ ድሮው አይራገጥም፤ ዝናቡም ገና ነው። ስለዚህ ሲነጋ ከአልጋ ወርጄ አስቀድሜ የማየው እሷን አይደለም፣ ግድግዳውን ነው። እሷም ከዚያ ወዲህ ሸረሪት አትመታም፤ ከተኛችበት ሆና "አክስቴ፣ በልተዋል?" ትለኛለች። ዛሬ አንዷ አሎ ግድግዳው ላይ ከሰቀለችው ካልሲህ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጎንበስ ብዬ አየኋት። ሆዷ ጠፍጣፋ ነው፣ ገርጥቷል። "ጾሟን አድራለች፤ ትንኝ አልነከሰሽም" አልኳት። አሎ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች።

ለፌሊስታ ልጇን እየጠበቅኳት መሆኔን ንገርልኝ፤ እንዳትጨነቅ ግን አልላትም፣ እኔም አልቻልኩበት። ለታላቁ ለራቦንዮ፣ ለትንሿ ለአዌንዶ ሰላምታዬን በየስማቸው አድርስ። የኦቡራ እናት ጸሎት ላይ እንዳለች ንገሩልኝ ብላለች። አሎ ደግሞ ሌላ ካልሲ ላክልኝ ትላለች፤ እንዳታጥበው።

እህትህ አሞሎ
ሩሲንጋ ደሴት፣ ኤፕሪል 19 ቀን 2011